ጥንቸል ከመምጣቷ በፊት፦ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥንቸል ለሚያሳድግ ቤተሰብ

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የቦረና ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋን ያሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎችም ከአማራ ሳይንትና ከመሐል ሳይንት እስከ ለጋምቦ ድረስ በግ፣ ከብት፣ ፈረስ፣ አህያና ዶሮ ከሰው ጋር አንድ ግቢ ተጋርተው የሚኖሩባቸው ናቸው። በዚህ አገር ያደገ ሰው እንስሳ መታመሙን ከአስተያየቱ ይለያል፤ ሣር መቼ እንደሚታጨድ፣ ድርቆሽ እንዴት እንደሚከመር፣ ሸለምጥማጥ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባም የሚያስተምረው አያስፈልገውም። ጥንቸል ለማሳደግ ያሰበ ቤተሰብ ከዚህ ዕውቀት ብዙውን ይጠቀምበታል፤ ዳሩ ግን ጥንቸል በሆድ ዕቃዋ አሠራር ከበግም ከዶሮም የተለየች በመሆኗ፣ በሌላው እንስሳ ላይ ጉዳት የማያደርስ መድኃኒት እርሷን ሊገድላት፣ ለዶሮ የሚበቃው ማደሪያም ለእርሷ የበሽታ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ደግሞም የጥንቸልን ዕድሜና ጤና የሚወስኑት ዋና ዋና ጉዳዮች፣ ማለትም የዓመቱ ድርቆሽ፣ ደረቅ ማደሪያ፣ አብራት የምትኖረው ጥንቸል ጾታና ስትታመም የሚያያት ሐኪም፣ እንስሳዋ ግቢ ከገባች በኋላ በችኮላ የሚስተካከሉ ስላልሆኑ፣ ዝግጅቱ ከወራት አስቀድሞ መጀመር ይኖርበታል። በደጋው የእርሻ ወቅት መሠረት ዝግጅቱ የሚጀመርበት ተስማሚ ጊዜ መስከረም፣ ጥንቸሏ የምትመጣበት ተስማሚ ጊዜ ደግሞ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ነው፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይብራራል።

በቅድሚያ የትኛዋ ጥንቸል ለቤት እንደምትሆን መለየት ያስፈልጋል። በቤት የምትረባው ጥንቸል ዘሯ የሚመዘዘው ዛሬ ስፔን፣ ፖርቱጋልና ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ተብለው በሚጠሩት አገሮች ከምትኖረው የዱር ጥንቸል ሲሆን፣ ይህ ዝርያ በኢትዮጵያ ዱር ውስጥ አይገኝም። በደጋው ሜዳና ቁጥቋጦ መካከል ሰው ሲቀርባት ድንገት ብድግ ብላ የምትፈተለከው ጥንቸል የሌላ ወገን ናት፤ ሊቃውንት ሌፑስ በሚሉት ወገን የሚመድቧት ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል የስታርክ ጥንቸል የምትባለው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በዓለም ላይ በየትም አትገኝም። የዱሯ ጥንቸል 48 ክሮሞዞም ሲኖራት የቤቷ 44 ብቻ ስላላት ሁለቱ አይዳቀሉም፤ የዱሯ ግልገል ፀጉር ለብሳና ዓይኗን ገልጣ በሜዳ ላይ ስትወለድ፣ የቤቷ ግን ራቁቷንና ዓይኗ ሳይገለጥ በጉድጓድ ወይም በተዘጋጀላት ጎጆ ውስጥ ትወለዳለች። ይህ ልዩነት ተግባራዊ ትርጉም አለው። እረኞች በሣር ውስጥ ተጋድማ የሚያገኟት የዱር ግልገል እናቷ የጣለቻት ብትመስልም፣ እናቲቱ አብዛኛውን ቀን ርቃ የምትውለው ለአዳኝ ምልክት ላለመስጠት በመሆኑ፣ ግልገሏን አንስቶ ወደ ቤት መውሰድ ማለት ብዙውን ጊዜ ለሞት መዳረግ ማለት ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ም የዱር እንስሳትን ይዞታና አጠቃቀም በፈቃድ ሥር ያደረገ ሲሆን፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበትን የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ በአቅራቢያው ያገኘ ማኅበረሰብ ይህን ጥበቃ ለማክበር ከማንም የበለጠ ምክንያት አለው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ከዚህ በኋላ ጥንቸል ሲባል በቤት የተወለደችውን ብቻ የሚመለከት ይሆናል።

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከሽኮኮ ጋር ከሚያመሰኩት ወገን ቆጥሮ፣ ሰኮናዋ የተሰነጠቀ ባለመሆኑ ከሚበሉት እንስሳት ይለያታል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ሥጋዋን የማይበሉትም በዚህ ሥርዓት ነው፤ በወሎ ከክርስቲያኑ ጋር ተሰባጥሮ የሚኖረው ሙስሊም ማኅበረሰብ በሚከተለው የሱኒ ትምህርት ግን አብዛኞቹ የሕግ ሊቃውንት ሥጋዋን ይፈቅዳሉ። ስለ ማመስኳቷ ከተነሣ፣ ጥንቸል እንደ ላም የዋጠችውን መልሳ ወደ አፏ አታመጣም፤ ሆኖም ምግቧን ሁለት ጊዜ በሆዷ ውስጥ የምታሳልፍ በመሆኗ፣ የሚያመሰኳውን እንስሳ የምትመስልበት ሥራ በእርግጥም በአካሏ ውስጥ ይከናወናል። የበላችው ሣር ከጨጓራና ከቀጭኑ አንጀት አልፎ ወደ ታችኛው አንጀት ሲደርስ፣ ሻካራው ክፍል፣ ማለትም ሊፈጭ የማይችለው አሰር፣ በአንድ በኩል ተለይቶ እንደ ፍየል በጠጥ ክብና ደረቅ ሆኖ ይወጣል፤ የደቀቀውና ፈሳሹ ክፍል ግን ወደ ዕውር አንጀት ይመለሳል። ዕውር አንጀት ከጨጓራዋም የሚበልጥ ከረጢት ሲሆን፣ በውስጡ የሚኖሩት ተሕዋስያን የገባላቸውን አብላልተው ፕሮቲንና ቫይታሚን ቢ ይሠሩበታል። የተብላላው ነገር ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅና እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ሆኖ ሲወጣ፣ ጥንቸሏ አፏን ወደ ኋላዋ አዙራ በቀጥታ ከመውጫው ተቀብላ ትውጠዋለች። ይህን ያየ አሳዳጊ እንስሳዋ የቆሸሸች ወይም የተራበች መስሎት መከልከል አይኖርበትም፤ እንዲያውም ለስላሳው በጠጥ ሳይበላ ወለል ላይ ተበትኖ መገኘቱ ምግቧ የተዛባ ወይም ጤናዋ የጎደለ መሆኑን የሚያመለክት የመጀመሪያው ምልክት ነው።

ከዚህ የአካል አሠራር አንድ ትልቅ ሕግ ይከተላል፤ እርሱም የጥንቸል ሆድ መቆም የለበትም የሚል ነው። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም፤ አንጀቷን ወደፊት የሚገፋላት ሻካራው አሰር በመሆኑ፣ አሰር ሲጎድል እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ ሆዷ በአየር ይነፋል፣ ሕመሙ ደግሞ ምግብ ያስጠላታል፤ መብላት ስታቆም አንጀቱ ይበልጥ ይቆማል። አንድ በግ ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ቢውል ነገ ሊታይ ይችላል፤ ለ12 ሰዓት ያህል ምንም ያልበላችና በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል ግን በዚያው ዕለት ሕክምና ያስፈልጋታል። ጥርሶቿም በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው። የጥንቸል የፊት ጥርስ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ዕድሜ ልኳን የሚያድግ ሲሆን፣ መንጋጋዎቿም እንዲሁ አያቆሙም፤ ሣርና ድርቆሽ እያላመጠች ካልሞረደቻቸው ጫፋቸው ይሾልና ምላሷንና ጉንጯን ይወጋታል። እንግዲህ ምግቧ ከአምስት እጅ አራቱ ድርቆሽና ሣር መሆን አለበት ሲባል የምርጫ ጉዳይ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባውም።

በዚህ በኩል የደጋው ነዋሪ ከአዲስ አበባ አሳዳጊ ይልቅ ዕድለኛ ነው። በብዙ አገሮች የከተማ ሰው በውድ የሚገዛው ድርቆሽ በመካነ ሰላም ዙሪያ በየመስኩ የሚበቅል ነውና፤ ጉዳዩ የመታጨጃው ጊዜና የአቀማመጡ ሁኔታ ብቻ ነው። በክረምቱ ዝናብ ያደገው ሣር ማበብ ሲጀምር፣ ፍሬውን አርግፎ ከመድረቁ በፊት ቢታጨድ ቅጠሉ ብዙ፣ ጠረኑም ደስ የሚል ይሆናል፤ በቁሙ እስኪገረጣ ከተተወ ግን አሰር እንጂ ሌላ ምግብነት ብዙም አይቀረውም። መስከረም ላይ ዝናቡ ጨርሶ ስላልወጣ የታጨደው ሊበሰብስ ይችላል፤ ስለዚህ በአብዛኛው ቦታ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በፀሐይ እየተገላበጠ ደርቆ፣ አረንጓዴ መልኩን ሳይለቅ የሚከማቸው ድርቆሽ ተመራጭ ነው። 2 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን 100 ግራም ያህል ድርቆሽ እንድታገኝ ቢታሰብ፣ ለአንዷ በዓመት 36.5 ኪሎ፣ ለሁለቱ 73 ኪሎ ይሆናል፤ እየመረጠች የምትጥለውና ለመኝታ የሚነጠፍላት ሲታከልበት ለሁለት ጥንቸሎች መቶ ኪሎ መያዝ ጥንቃቄ ነው። ይህ ለአንድ ላም ከሚከመረው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ነገር ግን በሰኔና በሐምሌ ጥሩ ድርቆሽ ፍለጋ መውጣት ከባድ ስለሚሆን፣ ጥንቸልን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ማምጣት የሚመከረው የዓመቱ ድርቆሽ ተገዝቶ፣ ደርቆና ተቀምጦ ስለሚጠብቃት ነው። ድርቆሹ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ ጠል የማይደርስበትና አይጥ የማይሸናበት ቦታ መቀመጥ አለበት፤ የሻገተ ወይም ሲነካ አቧራ የሚያቦን ድርቆሽ ለጥንቸል ሳንባም ለሆዷም ጠንቅ በመሆኑ ቢያሳዝንም መጣል አለበት።

የጤፍ ጭድና የገብስ ገለባ በየቤቱ ስለሚገኙ በድርቆሽ ፋንታ መስጠት የሚያስብ ይኖራል። ሁለቱም አሰር ቢኖራቸውም ፕሮቲናቸውና ማዕድናቸው አነስተኛ ስለሆነ ብቻቸውን አያኖሯትም፤ በተጨማሪም በሬ ካበራየበት አውድማ የተነሣ ጭድ አቧራና እበት የተቀላቀለበት በመሆኑ፣ ንጹሑን መርጦ ለመኝታ መጠቀም ይሻላል። ፉርሽካ ለከሳች ወይም ለምታጠባ ጥንቸል በማንኪያ ተለክቶ ሊሰጥ ይችላል፤ ፋጉሎ፣ አተላ፣ ቆሎ፣ ዳቦና እንጀራ ግን፣ ለበግና ለከብት ወይም ለዶሮ የቱንም ያህል ቢስማሙ፣ ለጥንቸል መቅረብ የለባቸውም። ምክንያቱም ስታርች የሚባለው የእህል ዱቄትነት ያለው ክፍል ሳይፈጭ ወደ ዕውር አንጀት ሲደርስ፣ ጠቃሚዎቹን ተሕዋስያን የሚያፈናቅሉና መርዝ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ይራቡበታል፤ በተለይ ጡት የጣለች ግልገል በዚህ የተነሣ በሚመጣ ተቅማጥ በአንድ ቀን ልትሞት ትችላለች። በተፋሰስ ሥራ የተተከለው ትሪ ሉሰርንና አልፋልፋ እስከ ስድስት ወር ለሞላት በማደግ ላይ ላለች ጥንቸል መልካም ናቸው፤ ለአዋቂዋ ግን ካልሲየማቸው ይበዛል። ጥንቸል ከምግቧ ያገኘችውን ካልሲየም ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ደሟ አስገብታ ትርፉን በሽንቷ የምታስወግድ በመሆኗ፣ ሲበዛባት በፊኛዋ ውስጥ እንደ አሸዋ ይዘቅጣል።

ለምለሙ ቅጠል ከድርቆሹ ቀጥሎ ይመጣል። ሰርዶ፣ የዱር ማገጥ በመጠኑ፣ የካሮት ቅጠል፣ ሰላጣና ጎመን ጥንቸል የምትወዳቸው ሲሆኑ፣ ማንኛውም አዲስ ቅጠል በጥቂቱ ተጀምሮ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ መጨመር አለበት። ካሮቱ ራሱ፣ የልጆች መጻሕፍት ከጥንቸል ጋር አያይዘው ቢሥሉትም፣ ስኳር ስለሚበዛበት በሳምንት አንድ ሁለት ቁራጭ ይበቃታል። እንዶድ፣ አስተናግር፣ ጉሎ፣ ቁልቋል፣ ቅንጭብ፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና አቮካዶ ይጎዷታል፤ ጓያም ቅጠሉም ፍሬውም ይቅርባት። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ብዙ ሰው የማያስበው አደጋ የአረም ነው። ከስንዴና ከጤፍ ማሳ የሚነቀል አረም ጥሩ መኖ ቢመስልም፣ ማሳው ፀረ አረም የተረጨ ከሆነ መርዙን በትንሿ እንስሳ ሆድ ውስጥ ማስገባት ይሆናል፤ ስለዚህ ቅጠሉ የሚለቀመው ከማይረጭ ጓሮ ወይም ባለቤቱ ከተጠየቀበት ማሳ ብቻ መሆን አለበት። ጓሮ ያለው ቤተሰብ ጥንቸሏ ከመምጣቷ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አንድ መደብ ጎመንና ካሮት ቢዘራ ይህ ጥያቄ አብሮ ይፈታል።

ውኃ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 100 ሚሊ ሊትር ያህል ትፈልጋለች፤ ድርቆሽ ብቻ በምትበላበት በበጋ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ከባድና አፉ ሰፊ የሆነ የሸክላ ገበታ ስለማይገለበጥ ከፕላስቲክ ዕቃ ይሻላል። በበጋ ሌሊት ውርጭ በሚጥልባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ውኃው ማለዳ በረዶ ሠርቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ ከቁርስ በፊት መታየት ያለበት እርሱ ነው።

ከምግቡ ጎን ለጎን የሚወሰነው የቁጥርና የጾታ ጉዳይ ሲሆን፣ ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉበትም እዚህ ላይ ነው። ጥንቸል በተፈጥሮዋ በማኅበር የምትኖር በመሆኗ ብቻዋን ስትዘጋ ትቆዝማለች፤ ስለዚህ ሁለት ማሳደግ ተገቢ ነው። ወንድና ሴት አብረው ከተቀመጡ ግን፣ ሴቲቱ ከአራት ወይም ከአምስት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ብቻ ይቆያል፤ በወለደች ማግሥትም ዳግመኛ ልታረግዝ ትችላለች። በአንድ ወሊድ ስድስት ግልገል ቢወለድና በዓመት ስድስት ጊዜ ብትወልድ ሠላሳ ስድስት ጥንቸል ማለት ነው። ሥጋዋ በሚበላበት አገር ትርፉ ወደ ማድቤት ወይም ወደ ገበያ ይሄዳል፤ አብዛኛው ጎረቤት በማይበላበት በመካነ ሰላም ግን ገዢም በላተኛም የሌለው ግልገል በአንድ ዓመት ውስጥ ቤተሰቡን የሚያስጨንቅ፣ እንስሳቱንም ለረሃብና ለመጣል የሚዳርግ ችግር ይሆናል። ሁለት ወንዶች አብረው ካደጉ ለአካለ መጠን ሲደርሱ እየተናከሱ ክፉኛ ይጎዳዳሉ። በብዙ አገር የሚመከረው የተኮላሸ ወንድ ከመከነች ሴት ጋር ማኖር ነው፤ ነገር ግን ጥንቸልን አደንዝዞ ማህፀን የማውጣት ቀዶ ሕክምና ለበሬና ለበግ ማኮላሸት እንደሚያገለግለው መቆንጠጫ በየወረዳው የሚገኝ አይደለም። በዚህ ሁኔታ ለደጋው ቤት የሚሻለው ምርጫ ከአንድ እናት አብረው የተወለዱ ሁለት ሴቶችን ማምጣት ነው። ይህ ምርጫ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም፤ ያልመከኑ ሴቶች አልፎ አልፎ ይጣላሉ፣ ዕድሜያቸው አራት ዓመት ካለፈ በኋላም የማህፀን ካንሰር በብዛት ያጠቃቸዋል። ስለዚህ ማደሪያው ሲሠራ በመካከሉ ሊገባ የሚችል የሽቦ መለያ አብሮ መዘጋጀት አለበት። የግልገል ጾታ ለመለየት አስቸጋሪ በመሆኑም፣ ሁለቱም ሴት ናቸው የሚለው የሻጭ ቃል በእንስሳት ሐኪም ተረጋግጦ፣ በሦስተኛው ወርም እንደገና ታይቶ ካልሆነ በቀር በቂ አይደለም።

ማደሪያውን በተመለከተ የደጋው ብርድ ከሚፈራው በላይ ደግ ነው። ጥንቸል ፀጉራም ሆና ላብ የማታልብ፣ ሙቀቷን በአብዛኛው በጆሮዎቿ በኩል የምታስወጣ እንስሳ በመሆኗ፣ የአየሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ መጨነቅ ትጀምራለች፤ ከቆላው ይልቅ የመካነ ሰላም አየር ለእርሷ የተፈጠረ ያህል ይስማማታል። የሚገድላት ብርዱ ብቻውን ሳይሆን እርጥበትና የነፋስ ሽውታ ሲተባበሩት ነው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከግድግዳ ሥር የሚሰርገው ውኃ፣ በጭጋግ የማይደርቀው መኝታና ከታች የሚተነው የሽንት አሞኒያ ሳንባዋን ለበሽታ ያጋልጣሉ። ስለዚህ ማደሪያዋ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በጣውላ ወለል ቢሠራ፣ ጀርባው ዝናብ ይዞ ወደሚመጣው ነፋስ ቢዞር፣ የጣሪያው ክፈፍ በሁሉም አቅጣጫ ወጣ ቢል፣ ከቆርቆሮውም ሥር የበረዶውን ድምፅና የቀትሩን ፀሐይ የሚያበርድ የሣር ወይም የጣውላ ሽፋን ቢደረግ ክረምቱን ያለ ችግር ታልፋለች። በብሪታንያ የሚገኘው የጥንቸል ደኅንነት ማኅበር ለሁለት ጥንቸሎች ቢያንስ 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ቁመት ያለው የተያያዘ ስፍራ ይመክራል፤ ከዚህ ውስጥ ማደሪያው ትንሹን ክፍል ሲይዝ የተቀረው መሯሯጫ ይሆናል። ለሥጋ እርባታ የሚሠሩት ጠባብ የሽቦ ሣጥኖች ለዚህ አይሆኑም፤ የጥንቸል እግር እንደ ውሻ መዳፍ ወፍራም ቆዳ የሌለው፣ ፀጉር ብቻ የለበሰ ስለሆነ በሽቦ ወለል ላይ ተረከዟ ይቆስላል።

መሯሯጫው በአፈር ላይ ከሆነ ሁለት ነገሮች መታሰብ አለባቸው፤ እርሷ ቆፍራ እንዳትወጣ፣ ሌላው ቆፍሮ እንዳይገባ። ሽቦው ግማሽ ሜትር ያህል ወደ መሬት መቀበር ወይም በዳሩ ዙሪያ ጠፍጣፋ ድንጋይ መነጠፍ ይኖርበታል፤ ድንጋይ ደግሞ በዚህ አገር የሚያንስ ነገር አይደለም። ለዶሮ የሚያገለግለው ስስ ሽቦ በውሻ ጥርስ ስለሚበጠስ ወፍራም የሽቦ መረብ ያስፈልጋል። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የሚገባ በመሆኑ የመረቡ ዓይን ከጣት ስፋት ባይበልጥ ይመረጣል፤ ጭልፊትን ለመከላከልም ላዩ መሸፈን አለበት። አዳኙ ባይገባ እንኳ ሌሊት በሽቦው ዙሪያ የሚዞር ውሻ ጥንቸሏን ስለሚያስደነግጣት በምትፈራገጥበት ጊዜ የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለችና፣ ማታ ማታ በጣውላ በተከደነው ማደሪያ ውስጥ መዘጋት ይኖርባታል። የጭቃ ግድግዳን የምትቦረቡር ስለሆነ የግድግዳው ታች በድንጋይ ወይም በጣውላ ቢለበጥ ይበጃል፤ በማዳበሪያ ከረጢት መጋረድ ግን አይገባም፤ የፕላስቲኩን ክር እየነቀለች ትውጠዋለችና አንጀቷን ይዘጋዋል።

በብዙ ቤት ዶሮ ማድቤት ውስጥ ማደር የለመደ ነው። ጥንቸል ግን የእንጨትና የኩበት ጭስ በሚሞላው ክፍል ማደር የለባትም፤ በአፍንጫዋ ብቻ የምትተነፍስ በመሆኗና የአፍንጫና የሳንባ ሕመም የሚያመጣው ፓስቱሬላ የተባለ ባክቴሪያ በብዙ ጥንቸሎች አፍንጫ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር፣ ጭስ ያንን የተኛ በሽታ ይቀሰቅሰዋል። ከዶሮ ጋር አንድ ቤት መጋራትም በኩሱና በቅማሉ ምክንያት አይመከርም። ለመኝታ የአናጢ ሰጋቱራ የሚያስብ ሰው፣ የጥድ ሰጋቱራ ሽታው ጉበቷንና ሳንባዋን ስለሚጎዳ፣ በምትኩ ደረቅ ገለባ ቢያነጥፍላት ይሻላል። ጥንቸል በአንድ ማዕዘን የመሽናት ልማድ ስላላት፣ እዚያ ማዕዘን ላይ ዝቅ ያለ ሣጥን ተደርጎ በላዩ ድርቆሽ ቢጨመርበት ጽዳቱ ይቀላል፤ የሚጠረገው በጠጥም ከዶሮ ኩስ በተለየ መልኩ ተክል ስለማያቃጥል ሳይብላላ በቀጥታ ለጎመኑ መደብ ሊበተን ይችላል። ሽንቷ አንዳንዴ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ መታየቱ ከምትበላው ቅጠል የሚመጣ ሲሆን ብዙውን ጊዜ አያሳስብም።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት የመድኃኒት ጉዳይ ነው። ጥንቸል ከመምጣቷ በፊት አሳዳጊው ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ሄዶ ጥንቸል ያከመ ባለሙያ መኖሩን መጠየቅ፣ ከሌለም አስቀድሞ መነጋገር ይገባዋል፤ ለተወሳሰበ ሕመም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም የሚያማክር ባለሙያ ሊገኝበት የሚችል ተቋም ነው። ለሰው ከተገዙ መድኃኒቶች ተርፎ በየቤቱ የሚቀመጠው አሞክሳሲሊን፣ እንዲሁም አምፒሲሊንና ሌሎች የፔኒሲሊን ወገኖች በአፍ ሲሰጡ ጥንቸልን ይገድላሉ። እነዚህ መድኃኒቶች በዕውር አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ገድለው ሲጨርሱ፣ ክሎስትሪዲየም የተባለው ባክቴሪያ ያለ ተቀናቃኝ ተባዝቶ መርዙን ይለቃል፤ ሞቱም መድኃኒቱ ከተሰጠ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ምክንያቱን ከበሽታው ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ ለሐኪም ካልታየች በስተቀር ለጥንቸል ምንም ክኒን እንደማይሰጥ አስቀድመው መስማማት አለባቸው። በደጋው ሊያጋጥሙ የሚችሉት ሌሎች ሕመሞች በግልገሎች ላይ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲያ፣ በጆሮ ውስጥ ቅርፊት እየሠራ የሚያሳክከው የጆሮ እከክ፣ በክረምት ደግሞ በቆሸሸ ፀጉር ላይ ዝንብ ጥላው የምትሄደው ትል ሲሆኑ፣ ሦስቱም በደረቅ መኝታና በየዕለት ፍተሻ በብዙው ይቀንሳሉ።

በቤቱ ልጆች ካሉ የአያያዙ ሥልጠና ጥንቸሏ ከመምጣቷ በፊት መሰጠት አለበት። ጥንቸልን በጆሮዋ አንጠልጥሎ ማንሣት ይጎዳታል፤ ጆሮዋ ብዙ የደም ሥር ያለበት ለጋ አጥንት እንጂ መያዣ አይደለም። የኋላ እግሮቿ ከአጥንቷ ጥንካሬ ጋር የማይመጣጠን ኃይል ስላላቸው፣ በአየር ላይ ስትንፈራገጥ የራሷን ወገብ ልትሰብር ትችላለች። አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከኋላዋ ሥር ሆኖ ወደ ሰውነት ተጠግታ መያዝ አለባት፤ ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ከማንሣት ይልቅ መሬት ላይ ተቀምጦ ወደ እርሱ እስክትመጣ ቢጠብቅ ይሻላል። ጥንቸል በዱር የሚታደን እንስሳ በመሆኗ፣ ከላይ የሚወርድባት እጅ ሁሉ የጭልፊት ያህል ያስፈራታል፤ ዓይኖቿ በጎን ስለሆኑ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ብታይም ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት ያለውን ነገር አታይም። ስለዚህ ከጎን፣ በዝግታ፣ ዝቅ ብሎ መቅረብ ይገባል። ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ልትኖር ስለምትችል፣ ዛሬ የሰባት ዓመት ልጅ የሚለምናት እንስሳ ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ከመካነ ሰላም ሲወጣም ምግብ የምትፈልግ መሆኗን ወላጆቹ ማሰብ ይኖርባቸዋል።

ጥንቸል በአካባቢው ገበያ እንደ በግና ዶሮ በመደበኛነት የምትገኝ እንስሳ ስላልሆነች፣ ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ከተማ መምጣቷ አይቀርም። ዕድሜዋ ቢያንስ ስምንት ሳምንት የሞላት፣ ዓይኗና አፍንጫዋ ደረቅ፣ ከጅራቷ ሥር ያለው ፀጉር ንጹሕ፣ ጥርሶቿ የተገጣጠሙ መሆናቸው ከመገዛቷ በፊት ይታያል። ከጎጃም በኩል በጉንደወይን መንገድ የምትመጣ ከሆነ የዓባይን በረሃ ስለምትሻገር፣ ጉዞው በማለዳ ተጀምሮ ሙቀቱ ሳይበረታ በረሃው ቢታለፍ፣ የምትጫንበት ሣጥንም አየር የሚያስገባና ድርቆሽ የተነጠፈበት ቢሆን ይመረጣል፤ በመኪና ጣሪያ ላይ መጫን ግን ፈጽሞ አይገባም። ከሻጩም ስትበላው የቆየችው መኖ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ያህል አብሮ መገዛት አለበት።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጎረቤትና ዘመድ እንዲያያት ሳይጋበዝ፣ ድርቆሽ፣ ውኃና የለመደችው መኖ ተሰጥቷት በጸጥታ ትተዋለች። በዚህ ጊዜ በጠጧ በየማለዳው እየተቆጠረ ባይሆንም መጠኑና ብዛቱ ይታያል፤ እየደቀቀ ወይም እየቀነሰ ከሄደ ለሐኪም ይነገራል። በአቅራቢያው ባለ ሱቅ ሚዛን በየሳምንቱ ተመዝና ክብደቷ በደብተር ላይ ቢጻፍ፣ በዓይን ሳይታወቅ የሚጀምር ክሳት ቀድሞ ይታወቃል። ጎመኑና ሌላው ቅጠል ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አንድ በአንድ ይጨመራል፤ አንዱ በጠጧን ካለሰለሰው እርሱ ብቻ ተለይቶ ይቀራል፣ ድርቆሹ ግን አንድም ቀን አይጓደልም።